ዳልቻ በቅሬው ፊት

የውሻዋ የዳልቻ አፍ መሽተት የጀመረ ሰሞን ከይሪያ ነገሩን አጥንት ነው ብላ አለፈችው። ውሻ ከመንደር ለቅሞ የሚበላው አጥንት እንደ ስለት ነው፤ ድድ ይወጋል፣ ይመግላል፣ ሰንብቶም ይድናል። ይሄኛው ግን ሳይድን ከረመ። በታችኛው መንጋጋዋ በግራ በኩል መጀመሪያ ባቄላ የሚያህል፣ ኋላ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ። ምራቋ ይዝረከረክ ጀመር፤ ከምራቁም ጋር ደም ታየ። ያን ጊዜ ከይሪያ ፈራች።

ፍርሃቷ እንዲገባን ሴትዮዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ከይሪያ ከገራዶ የገበሬ ቤት ወጥታ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባችው ገና በልጅነቷ ነበር። ዕድሜዋን የጨረሰችው በሽመና ማሽን ፊት ቆማ ነው። ፋብሪካው እንጀራ ሰጣት፤ ጆሮዋን ወሰደባት። ማሽኖቹ ሁሉ ባንድ ላይ ሲጮሁ ሰው ከሰው የሚነጋገረው በከንፈርና በእጅ ነበርና፣ ጆሮዋ መድከሙን ራሷም ያወቀችው ጡረታ ወጥታ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው ጸጥ ያለች ግቢዋ ውስጥ ስትቀመጥ ነው። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ከፊቷ ቆሞ ረጋ ብሎ የሚያናግራት ሰው የሚለው ይገባታል። ከጀርባዋ የሚመጣ ግን ዘመድም ይሁን ሌባ፣ ለእሷ የለም።

በዚህ ምክንያት ዳልቻ ለከይሪያ እንደ ሌላው ሰው ውሻ አልነበረችም። የመንደር ውሻ ሰው ሲመጣ ይጮሃል፤ ዳልቻ ግን ጩኸቷ ለእመቤቷ እንደማይደርሳት ከቡችላነቷ ጀምሮ ገብቷት ነበር። በር ሲንኳኳ እየሮጠች ትመጣና የከይሪያን ቀሚስ በአፍንጫዋ ትገፋለች። የምታውቀው ሰው ከሆነ ገፋ አድርጋ ትተዋታለች፤ የማታውቀው ከሆነ በከይሪያና በበሩ መካከል ትቆማለች። ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ የመጣ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሸሽ ከይሪያ አልሸሸችም፤ መንገድ ላይ የሚሆነውን የማይሰማ ሰው ወዴት ይሸሻል? የመሣሪያውን ድምፅ በእግሯ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እየሰማች፣ ዓይኗን ከውሻዋ ጆሮ ሳትነቅል ከረመች። የዳልቻ ጆሮ ሲቆም የእሷ ትንፋሽ ይቆማል፤ ሲወድቅ ትተነፍሳለች። ከዚያ ወዲህ ያለ ዳልቻ አንድ ቀን መኖር ለእሷ ዓይኗን ጨፍና ገደል አፋፍ እንደ መሄድ ነበር።

በሃይማኖቷም ጠንቃቃ ነች። ዳልቻ ከደጃፉ አልፋ ቤት ገብታ አታውቅም፤ የምትበላበት ጣሳም ለብቻው ነው። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱም አንዱ በአፈር ነው። በሽታው ከመጣ በኋላ ግን ምራቁ የሚነካው የከይሪያን እጅ ሆነ። ቁስሉን በጨው ውሃ የምታጥበው እሷ፣ የላመውን ፍትፍት ወደ ደህናው ጎን የምታጎርሰው እሷ። ከቧንቧው አጠገብ ንጹሕ አፈር አስቀምጣ ከየሰላቱ በፊት ሰባት ጊዜ እየታጠበች እጇ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። አንዳንድ ሴቶች ሲያጉረመርሙ ከከንፈራቸው አነበበች። ኃጢአት ላይ ወድቄ ይሆን ብላ ብትፈራ ሸህ ሀፊዝ ዘንድ ሄዳ ጠየቀች። ሸህየው ሽማግሌ ናቸው፤ ሳቅ አሉና፣

«ሰባት ጊዜ ታጠቢ ነው የተባልሽው፤ አንድም ጊዜ አትዘኚላት አልተባልሽም» አሏት።

ይህ አጽናናት፤ እብጠቱ ግን አልቆመም። ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት ሐኪም ልትወስዳት ቆረጠች። ውሻ ይዞ ሚኒባስ መሳፈር አይታሰብም፤ ባጃጅም እሺ የሚል አልተገኘ። በመጨረሻ ደሳለው የሚባለው የመንደሩ የአይሱዙ ሹፌር ጭነት ሊያመጣ ባዶውን ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይዟቸው ሄደ። ደሳለው ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው።

«እትዬ ከይሪያ» አላት፣ እንድታየው ፊቱን ወደ እሷ መልሶ፤ «እኔ አሞኝ ስተኛ ሐኪም ቤት የወሰደኝ የለም። የዳልቻን ያህል ዘመድ ባገኝ ዛሬውኑ ጅራት አበቅል ነበር።»

«አንተ መንገዱን እይ» አለችው። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጠመዝማዛው ላይ ፊቱን ወደ እሷ በመለሰ ቁጥር ነፍሷ ከአፏ ልትወጣ ትደርስ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ወንድምአገኘሁ የዳልቻን አፍ ከፍቶ ብዙ አየ፤ መንጋጋዋን ዳሰሰ፤ ከእብጠቱም ትንሽ ወስዶ መረመረ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀና ከይሪያ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እንዳይሸፋፍን እየተጠነቀቀ፣ ካንሰር ነው አላት። አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፤ በቢላ የሚወጣ አይደለም። ወደ ሰው አይጋባም። ሕመሟን የሚያስታግስ ክኒን ሰጣትና ሲብስባት ልትነክስ ስለምትችል እጅዎን ይጠብቁ አላት። ዳልቻን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሊወጋትም ፈልጎ ነበር፤ የዚያን ሰሞን ግን መድኃኒቱ ጠፍቷል። ሲሸኛት፣ «ውሃ መዋጥ ያቃታት ቀን ያምጡልኝ። ያለ ስቃይ የሚያሳርፍ መርፌ አለኝ» አላት።

ከይሪያ ስህተቷን የሠራችው ከዚያ ስትመለስ ነው።

ግቢዋ ውስጥ ስመኝ የምትባል ተከራይ አለች፤ ትንሽ ሴት ልጅ አላት። ስመኝ ደጃፍ ላይ ጠብቃ ሐኪሙ ምን አለ ስትላት፣ ከይሪያ አጥንት ወግቷት ነው አለች። የዚያ በሽታ ስም በቤት ውስጥ አይጠራም። የገዛ ባሏ በዚያው በሽታ ሲሞት ሆዱን አሞት ነው የተባለው፤ ነገሩ ሾልኮ የወጣ ጊዜ ግን ከዕቃዋ መብላት የተዉ ዘመዶች ነበሯት። ስመኝ ልጇን ይዛ ብትወጣስ? ስለዚህ ዋሸች። ውሸቱ እንዳይገለጥም ምራቁ ግቢው ላይ እንዳይንጠባጠብ ብላ የዳልቻን አገጭ በአሮጌ ሻሽ አሰረችና ከማገዶ ቤቱ አስገብታ ዘጋችባት።

አፉ የሚዝረከረክ፣ አፉ የታሰረ፣ ጨለማ ቤት የተዘጋበት ውሻ በዚያ አገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። እሱም አብዷል ነው። ያውም በዚያው ሰሞን ከታችኛው ሰፈር አንድ ያበደ ውሻ ሰው ነክሶ ከተማው ሁሉ ልጁን ከደጅ ሰብስቦ ነበር።

በመጀመሪያ ያየው ሂሻም ነው። ሂሻም የቅሬው፣ የመንደሩ የቀብር ዕድር፣ ጉልበተኛ ወጣት ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ የባዘኑ ውሾች ሲበዙም መርዝ ያለበት ሥጋ የሚጥለው እሱ ነው። በማገዶ ቤቱ ስንጥቅ አጮልቆ የታሰረውን አፍና የቀላውን ምራቅ አየና ወጥቶ ለመንደሩ ተናገረ። ከይሪያ በማግስቱ ደጇ ላይ ስትወጣ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ሲጎትቱ አየች። አንዲቱ ስትናገር ከንፈሯን አነበበች፤ «ከነውሻዋ አብዳለች» ነበር ያለችው።

የከፋው ግን የመጣው ከመንደሩ አልነበረም። አንድ ጠዋት ክኒኑን በፍትፍት ጠቅልላ ስታጎርሳት ጣቷ እብጠቱን ነካው። ዳልቻ ከዚህ በፊት ጥርሷን አሳይታት አታውቅም፤ ያን ቀን ግን አጓራች፣ አፏንም ገጥማ ዘጋች። የከይሪያ ሌባ ጣት ተጫረ፤ ትንሽ ደም ወጣ። ከይሪያ መሬት ላይ ዘጭ አለች። ውሻዪቱ ወዲያው በሆዷ እየተሳበች መጥታ ግንባሯን እግሯ ላይ ጣለች። 

እጇን አጠበች፤ በሳሙና፣ በአፈር፣ ደግሞ በሳሙና። ቁስሉን በሒና ሸፈነችው። ለማንም አልተናገረችም፤ ነከሰችኝ ካለች ዳልቻ ያንኑ ቀን ትገደላለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሌላ ፍርሃት አብሯት ተነሣ። ሐኪሙ ያየው አንዱን በሽታ ብቻ ቢሆንስ? ካንሰር የያዘው ውሻ እንደማያብድ ማን ዋስ ሆነ? ማገዶ ቤቱን ስትከፍት እጇ መቀርቀሪያው ላይ ይዘገያል። በምትወዳት ውሻ ፊት ጀርባዋን መስጠት ፈራች። ምግብ ስትውጥ ጉሮሮዋን ታዳምጣለች፤ ራሷን ሲያማት ጣቷን ታያለች። ጆሮ የሆነቻትን ፍጥረት መጠራጠር ከበሽታውም ይልቅ አደከማት።

ከዚያ የቅሬው ጥሪ መጣ። ቅሬ በወሎ ቀብር ብቻ አይደለም፤ ያስታርቃል፣ ይቀጣል፣ ይፈርዳልም። የቅሬን ቃል ያልሰማ ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚያነሣ አያገኝም። ልጅና ወንድም ለሌላት ሴት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ዳኛው ዘካሪያ አናጺ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ። ከይሪያን ወደ አደባባይ ከመጥራት ይልቅ የቅሬውን ሰዎች ይዘው እሑድ ጠዋት ወደ ግቢዋ መጡ። ወንዶቹ በአጥሩ ሥር ዱላ ይዘው ቆሙ። ሂሻም በአንድ እጁ ጥቁር ፌስታል ይዟል። በፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ ከይሪያ ሳይነግሯት አወቀች።

ዘካሪያ ስለ ውሻዪቱ ጠየቋት። ከይሪያ መሬት መሬት እያየች እውነቱን ተናገረች፤ ሐኪሙ ያለውን፣ የበሽታውንም ስም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ወንዶቹ ሲተያዩ አየች።

«ትናንት አጥንት፣ ዛሬ ካንሰር» አለ ሂሻም። «ነገ ደግሞ ጉንፋን ነው ሊሉን ነው፣ እማማ?»

ስመኝ ልጇን አቅፋ ከበሯ ላይ ቆማ ነበር። ዝምታዋ ከሂሻም ነገር ይልቅ ከይሪያን ጎዳት። ለሐኪሙ ቢደወል ስልኩ ዝግ ነው። ሰዎቹ ተነጋገሩ፤ ከይሪያ ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው እየዘለለች ልትከተል ሞከረች፤ አልደረሰችባቸውም። በመጨረሻ ዘካሪያ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና ወደ እሷ ዞሩ።

«ያበደ ውሻ ውሃ አይጠጋም። ይህን አባቶቻችንም ያውቁታል። አውጫትና በፊታችን ውሃ ትጠጣ። ከጠጣች እንሄዳለን። ካልጠጣች ግን ከይሪያ፣ አፉ በይን፤ የሰው ልጅ ይበልጣል።»

ፍርዱ ለሌላው ሁሉ ርቱዕ ነበር። ለከይሪያ ግን ምድር ከዳት። ዳልቻ ከጣሳ መጠጣት ካቆመች ሰንብታለች፤ ምላሷ ውሃውን ይዞ መመለስ አቅቶታል። እስካሁን የምታጠጣት በእጇ ነው። ይህን ብትናገር ማን ያምናታል? የዋሸ ሰው እውነቱ እንኳ ውሸት ይሸታል።

ማገዶ ቤቱን ከፈተች። ዳልቻ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋትና ቆመች፤ ከስታ አጥንቷ ይቆጠራል፣ ሻሹ በደም ጠቁሯል። ከአጥሩ ሥር ያሉት ዱላቸውን አነሡ። ዳልቻ ሰዎቹን አየች። ከዚያ እየተንገዳገደች ወደ ከይሪያ ሄደችና ቀሚሷን በአፍንጫዋ ገፋች። እንደገና ገፋች፤ ደግማም ገፋች። ሰው መጥቶብሻል፣ ብዙ ሰው መጥቶብሻል ማለቷ ነበር። ከዚያም በከይሪያና በሰዎቹ መካከል ቆመች።

ከይሪያ ተንበርክካ ሻሹን ፈታች።  ከጆጉ ውሃ በመዳፏ ቀድታ አቀረበችላት። ዳልቻ አፍንጫዋን አስገባች፣ ምላሷን ዘረጋች፤ ውሃው በከንፈሯ ጥግ ቀልቶ ወደ መሬት ፈሰሰ። ደግማ ቀዳች፤ ደግሞ ፈሰሰ። ከይሪያ ዞራ ሳታይ ሂሻም ፌስታሉን ሲፈታ አወቀች፤ የዳልቻ ጆሮ ወደዚያ ቆሟልና።

ያኔ የሻሹን ንጹሕ ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከረች፤ ቢስሚላህ አለችና በዚያው በተጫረ ጣቷ ይዛው እጇን ወደ ውሻዪቱ አፍ ከተተች። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ አለ። ይህች ውሻ አብዳ ከሆነ ሞቴ አሁን ነው ብላ አሰበች፤ አሰበችና እጇን አላወጣችም። በደህናው ጎን በኩል እስከ ምላሷ ሥር አደረሰችና ሻሹን ጨመቀች። ዳልቻ ዓይኗን ጨፈነች። ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ። ከይሪያ ደግማ ነከረች፣ ደግማ ጨመቀች። ጉሮሮዋ እንደገና ወረደ፣ ወጣ። ከዚያ ዳልቻ የቀረውን እርጥበት ከእመቤቷ አንጓ ላይ ላሰች።

ዘካሪያ የታመመ ጉልበታቸውን እየደገፉ መጥተው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ። ከይሪያ የዳልቻን ከንፈር ገለጥ አድርጋ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ያንን ጥቁርና ቀይ ሥጋ፣ የዋጣቸውንም ጥርሶች ብዙ ጊዜ አዩ።

«ይህ እብደት አይደለም» አሉ፣ ከይሪያ እንድታይ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው። «የኔም እናት በዚህ ነው የሞተች። እኛም ሆዷን አሟት ብለን ቀበርናት።» ተነሡና ሂሻምን አዘዙት፤ «ያንን የፌስታል ሥጋ አርቀህ ቅበር፤ ሌላ ፍጥረት እንዳይቀምሰው።»

ሰዎቹ እየተፋፈሩ ወጡ። አንዱ ሁለቱ አብሽሪ አሏት። ስመኝ ግን ሮጣ መጥታ እጇን ልታስታጥባት ያዘቻት፤ ውሃው ሒናውን አልፎ ያረሰረሰውን ጭረትም አየች። ይህ ምንድን ነው ብላ ፊቷን በከይሪያ ፊት ትይዩ አደረገች። ከይሪያ ሌላ ውሸት አልቀራትም፤ ነገረቻት። ስመኝ ጭኗን መታች፤ ተቆጣች፤ ለማን ልትተዪኝ ነው ብላም አለቀሰች። ከዚያም እጇን ይዛ ያንኑ ሰዓት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ የእብድ ውሻ መከላከያው የመጀመሪያ መርፌ ተወጋች።

ከይሪያ ያን ቀን ሌላም ነገር አውቃ ነበር። በመዳፏ የሰጠቻት ውሃ ሁሉ ፈሷል፤ የገባው በጭመቂያ ነው። ሐኪሙ ያለው ቀን ደርሷል። በማግስቱ ደሳለው መኪናውን አስነሣ፤ በዚያ መንገድ አንድም ቀልድ አልቀለደም።

ዶክተር ወንድምአገኘሁ ዳልቻን አይቶ ጊዜው ነው አለ። የጭረቱን ነገር ሲሰማ ግን መርፌውን አስቀመጠና ወንበሩን አዞረ። ነገሩን ቀስ አድርጎ አስረዳት። ይህች ውሻ ያበደች አይመስለኝም፤ እርግጠኛ መሆን ግን ሌላ ነው። ጥቂት ቀን በሕይወት ትቆይ፤ ያልሞተች፣ ጠባይዋም ያልተለወጠ እንደሆነ እርስዎ ነፃ ነዎት፣ ፍርሃቱም ያበቃል። ዛሬ ከሄደች ግን መርፌዎን እስከ መጨረሻው መወጋት አለብዎ፤ ልብዎም እስከዚያው አያርፍም። እብደት እንደነበረባት ለማወቅ ጭንቅላቷን ቆርጦ መመርመርም አለ።

ከይሪያ ይህን የመጨረሻውን ሲል እጇን አንሥታ አስቆመችው። አይቆረጥም አለች።

«እንግዲያው ጥቂት ቀን እንጠብቅ» አላት። «እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እጠብቅ ነበር።»

ዳልቻ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጥቂት ቀን ማለት ምን እንደሆነ ከይሪያ ታውቃለች። ጥቂት ቀን ማለት በጨርቅ የሚጨመቅ ውሃ፣ የማይዋጥ ክኒን፣ ጨለማ ማገዶ ቤት ማለት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ የራሷ ነፍስ አለ። ከትናንት ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት ጀምሮ፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትመኘው፤ የምታርፍበትን ቃል። ሐኪሙ ያንን ቃል በጥቂት ቀን እሰጥዎታለሁ አላት። ወደ ዳልቻ ጆሮ አየች። ጆሮዋ ወድቋል፤ ደሳለው በሩን ከፍቶ ሲገባ እንኳ አልቆመም።

«ዛሬ ይሁን» አለች።

እጇን የዳልቻ ጎድን ላይ አደረገች። መርፌው ሲገባ አላየችም፤ ዓይኗ እዚያው እጇ ላይ ነበር። ሐኪሙ አለቀ ሳይላት እጇ ነገራት።

የቀበሯት ወደ ደሴ ሲመለሱ፣ ከሐረጎ ዳገት ሥር፣ መንገድ ዳር ከሚበቅል ባሕር ዛፍ ጀርባ ነው። ደሳለው ቆፈረ፤ ከይሪያ አፈሩን በእጇ መለሰች። ጋቢናው ውስጥ ገብተው ብዙ ከሄዱ በኋላ ደሳለው መኪናውን ዳር አቆመና ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ጠብቂ አላለሽም? አትፈሪም?»

እስከዚያ አንቱ ሲላት ኖሮ በአንቺ መጥራቱን ሁለቱም አላስተዋሉትም።

«እፈራለሁ» አለችው። «እሷም ትፈራ ነበር። እኔ እንኳ ፈራሁ ብዬ ላንተ እነግርሃለሁ።»

መርፌው እስኪያልቅ ድረስ ከይሪያ ጤና ጣቢያ ተመላለሰች፤ ስመኝ አንድም ቀን ብቻዋን አልሰደደቻትም። ነርሷ አይዞዎት፣ ሳያቋርጡ ከተወጉ ምንም አይሆኑም ትላታለች፤ ከይሪያም እሺ ትላለች። ያም ሆኖ ጉሮሮዋ በከረከራት ቁጥር ላብ ያጠምቃታል። ጎረቤቶቿ በሯን እያንኳኩ ባለመክፈቷ ይመለሳሉ፤ እሷም ማን መጥቶ እንደሄደ ሳታውቅ ትውላለች። አሁን ወንበሯን ከግድግዳው አስጠግታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በሩን ትይዩ ትቀመጣለች። የበሩ ቆርቆሮ ነፋስ ሲነካው ይንቀሳቀሳል። ነፋስ ይሁን ሰው ለማወቅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ተነሥታ ሄዳ ትከፍታለች።